ሁለት ካሜራና አንድ ለቅሶ

ፎቶ ቤቴ የሚመጡ ወጣቶች አንድ የማይቀር ጥያቄ አላቸው። «ጋሼ፣ ካሜራ ልገዛ ነው፤ ትልቁ የባለሙያው ይሻለኛል ወይስ ይቺ ሩቁን የምታቀርበው ትንሿ?» ይሉኛል። እኔም «ተቀመጥ» እልና አንድ ታሪክ እጀምራለሁ። ግማሾቹ ታሪኩ ሳያልቅ ሰዓታቸውን እያዩ ይወጣሉ። አልፈርድባቸውም፤ እነሱ የጠየቁኝ ስለ ካሜራ ነው፣ እኔ የምነግራቸው ግን ገደል ስለ ገባ ሰው ነው። እናንተ ሥራ ካላስፈታኋችሁ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

ያኔ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነበርሁ። ንፋስ መውጫ ገበያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችኝ፤ ግድግዳዋ ላይ ሰማያዊ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ፊት አንድ በርጩማ፣ ሌላ የረባ ዕቃ የላትም። ሀብቴ ካሜራዬ ነበር። አዲስ አበባ አንድ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ወገቡን አሞት ሥራ ሲያቆም የሸጠልኝ፣ ጠርዝ ጠርዙ ቀለሙ ተልጦ የነጣ፣ እንደ ወፍጮ መጅ የሚከብድ የባለሙያ ካሜራ። አሮጌ ነው፤ ግን ሲያነሣ «ቀጭ!» የሚለው ድምፁ ብቻ ሰውን ቀጥ አድርጎ ያስቀምጣል። አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው በገበያ መሐል ሳልፍ ሰው መንገድ ይለቅልኝ ነበር፤ ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት ማታ እወለውለዋለሁ፤ ማንም እንዲነካው አልፈቅድም። ሚስቴ «እኔን አንድ ቀን እንዲህ ወልውለኸኝ ታውቃለህ?» እያለች ትተርበኛለች።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ፣ ስማዳ ውስጥ ወደ በሸሎ ሸለቆ በሚያዘቀዝቅ ገደል አፋፍ ያለ አንድ ቀበሌ ለነዋሪዎቹ መታወቂያ ሊሰጥ ነበርና ጉርድ ፎቶ እንዳነሣ ጠራኝ። የቀበሌውን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው። መኪና ከጣለኝ ቦታ ካሜራዬን አቅፌ፣ ጓዜን በአህያ ጭኜ ግማሽ ቀን በእግሬ ሄድሁ። ስልክ የሚባል ነገር አይሠራም።

ማረፊያ የሰጡኝ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው። ከኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል አንዲት ወጣት አርፋለች፤ ስንዱ ትባላለች። የመካነ ኢየሱስ ልጅ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ጥንብ አንሳ ታጠናለች። ስትነግረኝ የምትቀልድ መሰለኝ።

«ምናቸውን ነው የምታጠኚው?» አልኋት።

«ስንት እንደ ቀሩ፣ የት እንደሚፈለፍሉ፣ ምን እንደሚበሉ።»

«የሚበሉትንማ ስማቸው ይነግርሽ የለም?»

ሳቀች። ከዚያ ከቦርሳዋ ካሜራዋን ስታወጣ ደግሞ የኔ ሳቅ መጣ። በአንድ እጅ መዳፍ የምታርፍ፣ አዲስ፣ እንደ ልጅ መጫወቻ የቀለለች ነገር ናት።

«እኅቴ፣ ይቺ ፎቶ ታነሣለች ወይስ እንደ ሱረት ዕቃ ታስነጥሳለች?»

«ማዶ ገደሉ ላይ ያለውን ጎጆ እንቁላሉን አቅርባ ታሳይዎታለች፣» አለችኝ ሳትቆጣ።

እኔም እግሬን አጣምሬ አስተምራት ጀመር። የፎቶ ነገር የብርሃን ነገር መሆኑን፣ የኔ ካሜራ ውስጥ ያለው ዓይን ሰፊ፣ የሷ ግን የትንሽ ጣት ጥፍር እንኳ የማይሞላ መሆኑን ነገርኋት። «ዝናብ በገበቴ ሲጠራቀምና በስኒ ሲጠራቀም አንድ ነው? ሩቁን ብታቀርብልሽም ያቀረበችው ነገር ጭጋግ ነው የሚሆነው፤» አልኋት።

«እውነትዎን ነው፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅማ ዳፍንት ናት፤» ብላ አመነችልኝ። «ግን ጋሼ፣ የእርስዎ ሌንስ ማዶ ይደርሳል?»

«ማዶ ምን ጉዳይ አለኝ? እኔ የማነሣው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ራሱ መጥቶ ፊቴ ይቀመጣል።»

በዚህ አረፍተ ነገር በጣም ረክቼ ነበር የተኛሁት።

በማግሥቱ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ሰቅዬ ሰዉን በየተራ አስቀምጥ ጀመር። ከተሰለፉት አንዱ አለነ የሚባል የሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ሰው ነበር። በአካባቢው የታወቀ የገደል ማር ቆራጭ ነው፤ ከገደሉ አናት በቆዳ መጫኛ ታስሮ ይወርድና ንቡን አጭሶ ከቋጥኙ ስር ማሩን ይቆርጣል። መጫኛውን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ፣ ክርኑ ላይ በቀይ ጨርቅ የተጣፈ አረንጓዴ ሹራብ ለብሶ ነው የመጣው። ከኋላው ሚስቱ ጥሩወርቅ ቆማለች።

«ቶሎ በለኝማ ወንድሜ፣ ፀሐይ ሳትጠነክር ልውረድበት፤» አለኝ።

«ቀጥ በል። ለመታወቂያ አይሳቅም።»

«የምን ሳቅ ነው? ትናንት ንብ የነደፈኝ ጉንጬ ነው ያበጠው!»

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። ሚስቱ ብቻ ፊቷን አዙራ «ተወው፤ ቢስቅም ባይስቅም ለውጥ የለውም፤» አለች። ቀጭ አደረግሁት፤ ተነሥቶ ሄደ።

እኩለ ቀን ላይ ኡኡታ ሰማን።

አገሩን ልንገራችሁና ነገሩ ግልጽ ይሁንላችሁ። ገደሉ እንደ ፈረስ ኮቴ የተጠማዘዘ ነው። በአንደኛው ክንድ ላይ ቤተ ክርስቲያኑና መንደሩ አሉ፤ ከፊት ለፊቱ ባለው ክንድ ላይ ንብ የሚሰፍርበት ቋጥኝ ቀጥ ብሎ ቆሟል። መሐሉ ባዶ ነው፣ ስሩ አይታይም። ከወዲህ ወደ ማዶ ሰው ተጣርቶ ይሰማማል፤ ዓይን ግን ሰውን ከድንጋይ አይለይም። በእግር ዞሮ ለመድረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

የአለነን መጫኛ ከአናት ሆነው የያዙት ታናሽ ወንድሙ መልካሙና አያ ገላዬ ነበሩ። አያ ገላዬ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ የማር ቆራጮቹ ሁሉ አለቃ ናቸው። መጫኛው ስለታም ድንጋይ ላይ ታሽቶ ተበጠሰ። ከአናት ሆነው ቁልቁል ቢያዩ ቋጥኙ እንደ ግንባር ወደ ፊት ስለሚወጣ የወደቀበት አይታይም። ተጣሩ፤ ደጋግመው ተጣሩ። መልስ የለም። አያ ገላዬ ዞረው ወደ መንደሩ ሲደርሱ ሕዝቡ ከቦ ጠበቃቸው። ሻሻቸውን ከራሳቸው አወረዱና «ልጃችን የለም፤» አሉ።

ጥሩወርቅ መሬት ላይ ወደቀች።

«እንውረድና እናምጣው!» ብለው ጎረምሶች ተነሡ። አያ ገላዬ እጃቸውን ዘርግተው አገዷቸው። በማር ቆራጮች ዘንድ ሕግ አለ፤ ለቆሰለ ሰው ይወረዳል፣ ለሬሳ ግን ሕያው አይወርድም። ዱሮ ለአንድ ሬሳ ብለው ሁለት ወንድማማቾች ቀርተውበታል። ሬሳ ሲሆን በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ በወንዙ በኩል ከስር ዞሮ ነው የሚፈለገው። ስለዚህ የዚያን ቀን ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው አለነ ሞቷል ወይስ አለ በሚለው ላይ ነበር፤ እሱን ደግሞ የጠየቀ አልነበረም።

እዚያ አገር ገደል ለበላው ሰው ለቅሶ የሚቀመጡት ቤት ውስጥ አይደለም። አፋፉ ላይ ወጥተው፣ የቀረበትን ቋጥኝ ፊት ለፊት እያዩ ነው የሚያለቅሱለት፤ ሬሳው እስኪመጣ ብቻውን እንዳይሆን። ልብሱን፣ ዱላውን፣ የማር ቅሉን አመጡ። የአካባቢው ሰው ሁሉ ጎረፈ። አስለቃሿ ቆመች። ቄስ ንጉሤ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ተቀመጡ። ከማዶው ቋጥኝ በላይ ጥንብ አንሳዎች ይዞሩ ጀመር፤ ሰው እነሱን ባየ ቁጥር ዋይታው ይብስበታል።

በዚህ መሐል ጥሩወርቅ ወደ እኔ መጣች። ነጠላዋ መሬት ይጎተታል።

«አንቱ የፎቶው ሰውዬ፣ የጠዋቱ መልኩ አለ? ያሳዩኝ፣ በእመቤቴ!»

ካሜራውን ከፍቼ አሳየኋት። እንዴት ያለ ፎቶ ነበር! ንቡ የነደፈበት ቀይ ነጥብ፣ የሽፋሽፍቱ አንድ አንድ ፀጉር፣ ዓይኑ ውስጥ የሰማዩ ብርሃን ሳይቀር ይታያል። ጥሩወርቅ ጮኸች። ሴቶቹ ከበቡኝ። «ለሁሉም አሳየው» አሉኝና ካሜራውን ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ በለቀስተኛው መሐል ዞርሁ። እያየ የማያለቅስ ሰው አልነበረም።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። እኔም አለቀስሁ፤ ግን እንባዬ እየወረደ ልቤ ውስጥ አንድ ነገር «አየህ? ካሜራ ማለት ይህ ነው» ይል ነበር።

ስምንት ሰዓት ገደማ ላይ አንድ ሰው ከኋላዬ እጅጌዬን ሳበኝ። ስንዱ ናት። ጠዋት ወፎቿን የምታይበት ሩቅ ጉብታ ላይ ነበረች፤ ላብ በላብ ሆናለች።

«ጋሼ፣ አሞራዎቹ አላረፉም።»

«ምን?»

«የሞተ ነገር ቢያገኙ ኖሮ እስካሁን በዙሪያው ተደርድረው ያርፉ ነበር። ሲዞሩ ስንት ሰዓታቸው! አንዱ ሊያርፍ ወርዶ ደንግጦ ተነሣ። እኔ ዐውቃቸዋለሁ ጋሼ፣ ታች የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። ከነበርሁበት ጉብታ ያ ጥግ አይታይም፤ ከዚህ ግን ፊት ለፊት ነው። ካሜራዬን እዚያ ከፊት ላቁም። እኔ እንግዳ ነኝ፣ ሴትም ነኝ፤ በለቅሶ መሐል ካሜራ ብደቅን ይቆጡኛል። እርስዎን ያከብሩዎታል፤ ይንገሩልኝ።»

ምን እንዳልኋት ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ብረሳው ደስ ባለኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሰው ሞቶ አሞራ ትቆጥሪያለሽ? በዚች መጫወቻሽ ለቅሶ ልትበጠብጪ ነው? ሂጂ፣ ነውር ነው!»

ዞር ብላ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስር ሄዳ ተቀመጠች።

አንድ ሰዓት አለፈ። ለቅሶው አንዴ ሞቅ፣ አንዴ ዝግ እያለ ቀጠለ፤ አንዷ አልቃሽ ሲደክማት ሌላዋ ትቀበላታለች። እኔ የመቃብሩ ማስታወሻ ይሆናል ብዬ የቋጥኙን ፎቶ ላነሣ አሰብሁ። ከአፋፉ ጫፍ ቆሜ ቋጥኙን ከአናቱ እስከ ታች አነሣሁት። ብርሃኑ ሲስተካከል ደግሜ አነሣሁት። በሁለቱ መሐል ጥቂት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ ጥላ ፈልጌ ቁጭ አልሁና ፎቶውን በካሜራው ጀርባ እያጎላሁ አየሁ።

ከቋጥኙ ወገብ ላይ አንዲት ጠባብ እርከን አለች። እርከኗ ላይ፣ ከአንድ ቁጥቋጦ በስተቀኝ፣ የጤፍ ቅንጣት የምታህል አረንጓዴ ነጥብ አየሁ። ሹራቡ መሆኑ ገባኝና ልቤ ተነካ። ሁለተኛውን ፎቶ ከፈትሁ። ነጥቧ ከቁጥቋጦው በስተግራ ናት።

መጀመሪያ የተሳሳትሁ መሰለኝ። ወደ አንደኛው ተመለስሁ፤ በቀኝ። ወደ ሁለተኛው፤ በግራ። ወገኖቼ፣ ሬሳ ቦታ አይቀይርም።

ካሜራዬ ከዚያ በላይ ሊነግረኝ አይችልም። ባጎላሁት ቁጥር ነጥቧ ወደ አራት ማዕዘን ቀለም ትበተናለች። ሰው ይሁን፣ ነፋስ የሚያንቀሳቅሰው ጨርቅ ይሁን መለየት አልተቻለኝም። በእግሬ መሄዴን አላስታውስም፤ ስንዱ ፊት ደርሼ ተንበርክኬ ራሴን አገኘሁት።

«ካሜራሽን አምጪያት! ልጄ፣ ይቅር በዪኝ፣ ቶሎ አምጪያት!»

ብድግ ብላ ባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ ያዘች። እኔ ከፊት ሆኜ ሰውን በክርኔ እየከፈልሁ ወሰድኋት። «ምን ሆነ?» «ምን ሊያደርጉ ነው?» ይላል ሰው። ቄስ ንጉሤ ተቆጥተው ተነሡ። «አባቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይታገሡኝ፤» አልኋቸው።

ስንዱ ካሜራዋን አቆመችና ወደ ማዶ አዞረቻት። ትንሿ ስክሪን ላይ መጀመሪያ ቋጥኙ በሙሉ ታየ። ከዚያ ጣቷ አንዲት ቁልፍ ተጫነ፤ ቋጥኙ ወደ እኛ ይመጣ ጀመር። ስንጥቁ መጣ። አሞራ የኮሰበት ነጭ መስመር መጣ። ቁጥቋጦው መጣ፤ ቅጠሉ አንድ በአንድ ይታያል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ያ ሁሉ ባዶ አየር በመሐላችን እያለ ማዶው እጄን ብዘረጋ የምነካው ሆኖ ቀረበ። ምስሉ በስንዱ ትንፋሽ እንኳ ይንቀጠቀጣል። ትንፋሿን ያዘች።

ክርኑ ላይ በቀይ የተጣፈ አረንጓዴ ሹራብ።

ከዚያ ፊቱ። ግማሹ በደም ተሸፍኗል፤ ጉንጩ እንዳበጠ ነው። ዓይኑ ተከፍቷል። ወደ እኛ ያያል።

«ኪርያላይሶን፣» አሉ ቄስ ንጉሤ ከትከሻዬ በላይ።

«አፉን ተመልከቱ፣» አለች ስንዱ በሹክሹክታ። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ያርፋል። እንደገና ይከፈታል፤ የአንገቱ ሥር ይገተራል። «ጋሼ… እየተጣራ እኮ ነው።»

ያን ጊዜ ነው የገባን። ሰውዬው የሚጣራው ድምፅ በሚደርስበት ቦታ ሆኖ ነው። ያልሰማነው እያለቀስንለት ስለሆነ ነው።

ቄስ ንጉሤ መስቀላቸውን ወደ ላይ አንሥተው ዞሩ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእርሳቸው ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። «ዝም በሉ! ስለ መድኃኔ ዓለም ዝም በሉ! የምታለቅሱለት ሰው እየጠራችሁ ነው!»

ለቅሶ እንደ መብራት አይጠፋም። ከፊት ያሉት ዝም አሉ፤ ከኋላ ያሉት ያልሰሙ ቀጠሉ። አንዱ የአንዱን አፍ በእጁ ያዘ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ብቻ ትንሰቀሰቅ ነበር፤ እሷም ቆመች። መቼም ያን ያህል ሕዝብ ያን ያህል ጸጥ ሲል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልገጠመኝም። የነጠላ ጫፍ በነፋስ ሲመታ ይሰማል።

ከዚያ ከማዶ፣ ቀጭን ሆኖ፣ ድምፅ መጣ።

«አለሁ…! ኧረ አለሁ…! እናንተ ሰዎች፣ አለሁ እኮ…!»

ማን ይናገር? ማን ያልቅስ? ሽማግሌዎች በግንባራቸው መሬት ላይ ተደፉ። ጥሩወርቅ አልጮኸችም፤ ቁጭ ብላ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ማዶውን ታያለች። እኔ ይበልጥ ላይ ብዬ የስንዱን የካሜራ መቆሚያ ልይዝ ስል «አይንኩብኝ!» ብላ ጮኸችብኝ። ደግ አደረገች።

ድምፁን እንደ ሰሙ አያ ገላዬ ሌላ ሰው ሆኑ። «መጫኛ! ያለ መጫኛ ሁሉ ይምጣ! ደራርቡና ገምዱት!» ብለው ጎረምሶቹን ሰደዱ። ከዚያ መጥተው የስንዱን ስክሪን ጎንበስ ብለው አዩ።

«ልጄ፣ እሱንስ አየሁት። ግን የቱ ጋ ነው ያለ? ድንጋይና እሱን ብቻ ነው የማየው። ሙሉውን ልታሳይኝ ስትርቂ ደግሞ እሱ ይጠፋኛል። ከአናት ሆኜ መጫኛውን በየት በኩል ልልቀቅ? በክንድ ብሳሳት አጠገቡ አይደርስም።»

ያኔ የኔን ፎቶ አሳየኋቸው፤ ቋጥኙን ሙሉውን፣ አረንጓዴዋን ነጥብ ከነቦታዋ። አያ ገላዬ ፊደል አልቆጠሩም፤ ያን ፎቶ ግን ደብተራ ድጓን እንደሚያነብ አነበቡት። ጣታቸው ከነጥቧ ተነሥቶ በስንጥቁ ሽቅብ ሄደ፣ አሞራው የኮሰበትን ተሻገረ፣ ገደሉ አናት ላይ አንዲት የወይራ ጉቶ ስር ቆመ።

«ይችን ጉቶ ዐውቃታለሁ። ከሷ ወደ ፀሐይ መግቢያ ሦስት እርምጃ፤» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው «እዚያ ስደርስ ይጠፋኛል። ፎቶው አብሮኝ ይሂድ፤» አሉኝ።

ካሜራዬን ሚስቴ እንኳ ነክታው አታውቅም። ከአንገቴ አውጥቼ አያ ገላዬ አንገት ላይ አጠለቅሁት። ጣታቸውን የቱን ሲጫኑ ፎቶው እንደሚበራ አሳየኋቸው። ሽማግሌው እንደ ጎረምሳ ሮጡ።

የወረደው ወንድሙ መልካሙ ነው። እኛ ከወዲህ በስንዱ ስክሪን እናያለን፤ ቄስ ንጉሤ የምንላቸውን እየተቀበሉ በዚያ በቅዳሴ በሠለጠነ ድምፃቸው ወደ ማዶ ያዜሙታል። «ወደ ፀሐይ መግቢያ! ጥቂት! በቃ! ልቀቁት!» አንዴ መልካሙ ተሽከርክሮ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ፤ ሕዝቡ በአንድ አፍ «እግዚኦ» አለ። ጀምበር ልትገባ ነው። ትንሿ ካሜራ ዳፍንቷ ጀመራት፤ ስክሪኑ አመድ እንደ ነፉበት ሆነ። የመጨረሻ ያየነው ሁለት ጥላ አንድ ሲሆን ነው። ከዚያ ምንም አልታየም።

ማዶ ማዶ እያየን ቆምን። እጆቼን ስንዱ ይዛቸው ነበር፤ ወይም እኔ የሷን ይዤ ነበር። ሰማዩ ገና ቀይ እያለ ከማዶ አናት የአያ ገላዬ ድምፅ መጣ፦ «ወጣ! ወንድማማቾቹ ወጡ!»

ያን ጊዜ የተነሣው እልልታ ከለቅሶው ይበልጥ ነበር። አለነ እግሩ ተሰብሯል፣ ጎድኑ ተጎድቷል፤ በቃሬዛ አድርገው እየተፈራረቁ ተሸክመውት ሄዱ። ካሜራዬ የተመለሰልኝ ማር ተለቅልቆ ነው፤ ቁልፎቹ እስከ ዛሬ እየተጣበቁ ያስቸግሩኛል።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ የትኛው ካሜራ ይሻላል? እኔ አላውቅም። ትንሿ ባትኖር ሰው መሆኑን፣ መጣራቱን አናውቅም ነበር። ትልቁ ባይኖር እኔ ያን ነጥብ አላይም፣ አያ ገላዬም ቦታውን አያገኙም። የማውቀው ሌላ ነገር ነው። አንዲት ወጣት ሙያዋ የነገራትን ይዛ መጥታ ለመነችኝ፤ እኔ ግን የሷን ቃል ሳይሆን የካሜራዋን መጠን ሰማሁ። አንድ ሕያው ሰው በዚያ ምክንያት አንድ ሰዓት ሙሉ እርከን ላይ ቆየ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከኔ ያነሰ የሚመስለኝ ሰው «አንድ ነገር አየሁ» ሲለኝ ሥራዬን አቁሜ «ምን አየህ?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ምንም አይደለም። እናንተም ቁርጡ ታውቋል ብላችሁ የምታለቅሱለት ነገር ካለ፣ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብላችሁ አድምጡ።

ያችን ሰዓት ግን ለራሱ ሳልናገር ማደር አልቻልሁም። ከሦስት ሳምንት በኋላ አለነ ወደ ተኛበት ሆስፒታል ሄድሁ። እግሩ በጄሶ ታስሮ ተሰቅሏል፤ ጥሩወርቅ ከራስጌው ተቀምጣለች።

«ራሴን ስቼ ቆይቼ ስነቃ፣» አለኝ አለነ፣ «አለነ፣ አለነ እያላችሁ ታለቅሳላችሁ። መጀመሪያ ሌላ አለነ የሞተ መስሎኝ አዘንሁለት።» ሊስቅ ሲል ጎኑን ያዘ። «ኋላ እኔ መሆኔ ገባኝ። አልቃሿ ትንፋሽ ስትወስድ ጠብቄ እጮሃለሁ፤ ሌላዋ ትቀበላታለች። እናንተየ፣ የራስን ለቅሶ ማቋረጥ እንዴት ይከብዳል!»

ነገርሁት። ስንዱ ስምንት ሰዓት ላይ እንደ መጣች፣ እንዳባረርኋት፣ ያች ሰዓት የኔ ጥፋት እንደሆነች ነገርሁት። መሬት መሬት እያየሁ መልሱን ጠበቅሁ።

«ስምንት ሰዓት ነው ያልኸኝ?» አለ አለነ። ወደ ሚስቱ ዞረ። «ጥሩወርቅ ያችን ሙሾ ያወረደችው ፀሐይ ካዘነበለች ወዲያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነዋ።»

«የምን ሙሾ? ዝም በል!» አለች ጥሩወርቅ።

«ጮኼ ጮኼ ደክሞኝ ነበር። ዓይኔ እምቢ ብሎኝ ሊከደን ሲል፣ ብተኛ ደግሞ ተንከባልዬ እወድቃለሁ፣ የሷ ድምፅ መጣ። ዐሥራ አራት ዓመት አብረን ስንኖር ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ቃል! የቀረውን ልስማ ብዬ ዓይኔን ገለጥሁ። እሱን ለመስማት ነው ሳልተኛ የቆየሁት። ከሥቃዩ በቀር አንተ ምን አጠፋህ? ስንዱን ሰምተሃት ቢሆን ኖሮ ይኸን ሳልሰማ ነበር የምኖር።»

«እስቲ ድገሚው፣» አላት። «አሁን አለሁልሽ፣ ድገሚው።»

«ሰው ፊት? ለቆመ ሰው ሙሾ ይወረዳል?»

«እንደ ወሬ አድርገሽ በዪው።»

ጥሩወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ያለ ዜማ፣ የተሰቀለ እግሩን እያየች አለችው፦

ገደል ወርዶ ማሩን፣ ለሰው የሚያበላ፣
ለራሱ እንጀራውን፣ በጨው የሚበላ፤
ከፍቶኝ አያውቅም፣ ከሱ ጋራ ስኖር፣
ሳልነግረው ሄደብኝ፣ ነገ ልነግር ነበር።

ክፍሉ ውስጥ እኔ ከገባሁ ጀምሮ ሲስሉ የቆዩ ስድስት በሽተኞች ነበሩ። አንዳቸውም አልሳሉም።